ሐሳብ ሲበዛ ምን ይደረግ? ለጅማ ሰው የሚሆን የጭንቀት መመሪያ፣ ከቡናው ሲኒ እስከ ሐኪም ቤት

ጭንቀት ለያዘው ሰው ሁሉም የሚሰጠው ምክር «ተወው፣ አታስብ» ነው። ችግሩ ሐሳብ በትእዛዝ አይሄድም። አንድን ነገር «እንዳላስበው» ብለን ስንጠባበቅ፣ መጣ አልመጣ እያልን በየደቂቃው ስለምንቃኘው ይብሱን ይመላለሳል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው መንገድ ሐሳብን ለማባረር አይሞክርም። ለሐሳብ ሰዓትና ቦታ ይሰጠዋል፣ ሊሠራበት የሚቻለውን ወደ ሥራ ይመራዋል፣ የቀረውን ደግሞ ከእንቅልፍና ከገበታ ላይ ያነሳዋል።

መመሪያው የሚያገለግለው ለዕለት ተዕለት ጭንቀት ነው፤ ለኪራይ፣ ለፈተና፣ ለገበያ፣ ለልጅ፣ «በሽታ ይዞኝ ይሆን» ለሚል ስጋት። ከዚያ ያለፈውን በምን እንደሚለዩት መጨረሻው ላይ ተጽፏል።

አንድ ነገር ስለ ቅደም ተከተሉ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ጽሑፍ በትንፋሽ ልምምድ ይጀምራል። ለጅማ ሰው ይህ የሚያዋጣ አይመስለንም። በቀን ስድስት ሰባት ሲኒ ቡና የሚጠጣ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጫት ሊቅም በርጫ የሚቀመጥ ሰው ልቡ የሚመታው በሐሳብ ብቻ አይደለም። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ እምቢ ይላል፤ አእምሮም «ይህን ያህል የሚያስደነግጠኝ ምንድን ነው?» ብሎ ምክንያት ፍለጋ ይወጣል። ምክንያት ደግሞ ጠፍቶ አያውቅም። ስለዚህ ከሲኒው እንጀምራለን።

ቡናን ሳይተዉ መቀነስ

ቡና ጠላት አይደለም፣ በቡና አገር ተቀምጦ «ቡና ተዉ» ማለትም ሰሚ የለውም። የሚፈለገው ሰዓቱንና ብዛቱን ማወቅ ነው።

1. ለ3 ቀን ምንም ሳይቀንሱ ይመዝግቡ። በስንት ሰዓት፣ ስንት ሲኒ፣ አቦል ነው ወይስ ቶና፣ ከጠጡ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጭንቀትዎ ከ0 እስከ 10 ስንት እንደሆነ፣ ማታ ስንት ሰዓት እንቅልፍ እንደወሰደዎት።

2. የመጨረሻውን ሲኒ ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት ያድርጉት። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ይፈጅበታል። ከቀኑ 11 ሰዓት የተጠጣ ቡና፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲተኙ ግማሹ ገና በደምዎ ውስጥ ነው። ነፍሰ ጡር ለሆነች ወይም የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ለምትወስድ ሴት ከዚህም የበለጠ ይቆያል።

3. በየ3 ቀኑ አንድ ሲኒ ብቻ ይቀንሱ። ባንድ ጊዜ ያቆመ ሰው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራስ ምታት ይጀምረዋል፤ ድካምና ንጭንጭ ታክሎበት እስከ 9 ቀን ሊቆይ ይችላል። ብዙ ሰው በዚህ መሃል «ቡና ሳይሆን በሽታ ነው የያዘኝ» ብሎ ወደ ድሮው ይመለሳል። ለራስ ምታቱ ማስታገሻ የሚወስዱ ከሆነ ማሸጊያውን ያንብቡ፣ ካፌይን የተቀላቀለባቸው እንክብሎች አሉ።

4. ጎረቤት ሲጠራዎት አይቅሩ። ከሦስቱ ወፍራሙ አቦል ነው፤ ቶናና በረካ በዚያው ቡና ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚፈሉ ስለሆኑ ይቀጥናሉ። ከሰዓት በኋላ የሚፈላ ቡና ላይ አቦሉን ያሳልፉና በረካውን ይጠጡ። በረካ ሳይጠጡ መነሳት ነውር በሆነበት ቤት ይህ ከሁሉም የሚያስታርቅ ዘዴ ነው፤ ጨዋታው አልቀረብዎት፣ ምርቃቱ አልቀረብዎት።

የቡና ገለባም ሆነ የቡና ቅጠል ተፈልቶ ሲጠጣ ካፌይን አለው። «ቡናውን ትቼ ቅጠሉን ነው የምጠጣው» የሚል ሰው ብዙ አልራቀም። ሻይ ቅጠል የሌለበት የጦስኝ ውሃ ግን ማታም ይጠጣል።

ስለ ጫት በግልጽ

ጫት የሚቅም ሰው ይህን ክፍል ዘሎ የቀረውን ቢሠራ ድካሙ ከንቱ ነው የሚሆነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ነው፤ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ያባርራል። በምርቃና ሰዓት ችግሩ ሁሉ የተፈታ፣ እቅዱ ሁሉ የተሳካ ይመስላል። ምርቃናው ሲወርድ ድብርቱና ስጋቱ ከነበረው በልጦ ይመጣል፣ እንቅልፍ የለም፣ ሌሊቱ በሐሳብ ያልፋል፣ ጧት ተነስቶ መሥራት ያቅታል፣ ከሰዓት ደግሞ ሐራራው ይጠራል። ለጨብሲ፣ ማለትም ምርቃናውን ለመስበር፣ የሚጠጣው አልኮልም እንቅልፉን ያመጣል እንጂ አያቆየውም፤ ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ ያነቃል፣ በማግስቱ ጭንቀቱን ያባብሳል።

በየቀኑ የሚቅሙ ከሆነ በየሳምንቱ ሩቡን ያህል ይቀንሱ፤ ማለትም የአንድ እስር ሰው በሁለተኛው ሳምንት ግማሹ ላይ ይደርሳል። በሳምንት ውስጥ ጭራሽ የማይቅሙባቸውን ሁለት ቀናት አስቀድመው ይወስኑ፤ «ካልመጣብኝ አልቅምም» ውሳኔ አይደለም። የሚቀመጡበትን ሰዓት ወደ ቀትር ያምጡና ከ10 ሰዓት በፊት ይነሱ። ልማዱ ከቅጠሉ ይልቅ ከሰዎቹና ከቤቱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ በማይቅሙበት ቀን በዚያው ሰዓት የት እንደሚሆኑ ካልወሰኑ እግርዎ ራሱ ይወስድዎታል። በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሳምንታት ድካም፣ ብዙ እንቅልፍ፣ ቅዠትና ቅያሜ ይኖራል፤ ያልፋል። ሰው የሚከታተልዎት መስሎ የሚታይዎት ወይም ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰሙ ከሆነ ግን ይህ የሐኪም ጉዳይ ነው፣ ቅነሳውን ብቻዎን አይሞክሩት።

ደብተሩ

የመመሪያው ዋና ሥራ ይህ ነው። ጊዜ ካጠረዎት ሌላውን አስቀርተው ይህን ይሥሩ።

የሚያስፈልገው አንድ ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ ነው። ስልክ ላይ አይጻፉ፤ ማስታወሻ ልጽፍ ብሎ ስልኩን ያነሳ ሰው ከ20 ደቂቃ በኋላ ቴሌግራም ላይ ነው የሚገኘው።

መጀመሪያ የሐሳብ ሰዓት ይምረጡ፦ በየቀኑ ያው ሰዓት፣ ያው ቦታ፣ 20 ደቂቃ። ከመኝታ ሰዓትዎ ቢያንስ በ3 ሰዓት ይራቅ፣ አልጋ ላይም አይሁን። ለብዙ ሰው ከሥራ መልስ 11 ሰዓት ተኩል ይመቻል፤ የሚሰግድ ሰው ከዐስር ሶላት በኋላ ቢያደርገው አይረሳውም። ነባር ልማድ ላይ የተንጠለጠለ አዲስ ልማድ ይጸናል።

ቀን ላይ ሐሳብ ሲመጣ ከሦስት እስከ አምስት ቃል ብቻ ይጻፉና «ለ11 ተኩል» ብለው እጅዎ ላይ ወዳለው ሥራ ይመለሱ። አልመጣህም አይበሉት፣ ቀጠሮ ይስጡት። በቀን ሃያ ጊዜ ቢመጣ ሃያ ጊዜ ያው ነው።

ሰዓቱ ሲደርስ የስልኩን ደወል ለ20 ደቂቃ ሞልተው ይቀመጡ። አንድ ገጽ እንደ ምሳሌ እንይ። መርካቶ ቅመም የምትሸጥ አንዲት እናት ደብተር ይሁን።

ጧት 2፡10፦ ኪራይ 600 ብር ጎደለ
4፡00፦ ወንድሜ ስልክ አላነሳም
6፡30፦ አንገቴ ላይ እብጠት ነገር
9፡15፦ ዝናቡ እንዲህ ከቀጠለ ገበያ የለም

ወንድሟ 8 ሰዓት ላይ ደውሏል። ስለዚህ ያ መስመር ይሰረዛል። በየቀኑ የሚሰረዙትን መስመሮች ማየት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ገጾቹን ወደ ኋላ ሲያገላብጡ የፈሩት ስንቱ እንደቀረ በራስዎ ጽሕፈት ይታያል።

ለቀሩት አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ «በሚቀጥሉት 7 ቀናት ውስጥ እኔ ራሴ የማደርገው ነገር አለ?» አለ ከሆነ ጎኑ ላይ «ሥራ»፣ የለም ከሆነ «ከእጄ ውጪ» ብለው ይጻፉ። ኪራዩ ሥራ ነው። እብጠቱም ሥራ ነው፤ ሥራው ግን መጨነቅ ሳይሆን ጤና ጣቢያ የሚሄዱበትን ቀን መጻፍ ነው። ዝናቡ ከእጅ ውጪ ነው።

«ሥራ» የተባለውን እንዲህ ያድርጉት። ችግሩን በቁጥርና በቀን ይጻፉ፤ «ገንዘብ የለኝም» ሳይሆን «ለ30 ኪራይ 600 ብር ይጎድለኛል፣ ዛሬ 24 ነው»። ቀጥሎ ጥሩም ይሁን መጥፎ አምስት መንገድ ይደርድሩ፦ ዱቤ ከወሰዱት ሦስት ደንበኞች 450 ብር መሰብሰብ፤ ለአከራይዋ ከወዲሁ ነግሮ የቀረውን በ5 መክፈል፤ የዕቁቡን ዳኛ ዕጣ ለመቀያየር ማነጋገር፤ ከእህት መበደር፤ በዚህ ሳምንት አዲስ ዕቃ አለማስገባት። አንዱን ወይም ሁለቱን ይምረጡ። ከዚያ የመጀመሪያውን እርምጃ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሠራ አድርገው ይጻፉ፤ «ዱቤ እሰበስባለሁ» ሳይሆን «ነገ 3 ሰዓት ላይ ትልቁን ዱቤ ለወሰደችው እደውላለሁ»። ለአከራይ ቀኑ ከማለፉ በፊት መናገርና ካለፈ በኋላ መናገር የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል፤ የመጀመሪያው ድርድር ነው፣ ሁለተኛው ይቅርታ።

«ከእጄ ውጪ» ለተባለው ደግሞ ሦስት መስመር ይጻፉ፦ የመጨረሻ ቢከፋ ምን ይሆናል፣ በብዛት የሚሆነው ምንድን ነው፣ ቢሆንስ ምን አደርጋለሁ። ለዝናቡ፦ ሳምንቱን ሙሉ ላልሸጥ እችላለሁ፤ ብዙ ጊዜ ግን ጧት ፋታ ይሰጣል፤ ካልሰጠ ቅዳሜን ጨምሬ እውላለሁ። ይበቃል፤ አራተኛ መስመር የለም። ደወሉ ሲጮህ ደብተሩን ዘግተው ወዲያው እጅ የሚያሠራ ነገር ይያዙ፤ ሽንኩርት መክተፍ፣ ልብስ ማጠብ፣ ውሃ መቅዳት።

የሚበላሸው የት ነው? በብዛት አራት ቦታ ላይ።

አንደኛ፣ ተመሳሳይ መስመር ለሦስት ቀን «ሥራ» ተብሎ ተጽፎ ምንም ካልተሠራ፣ እርምጃው ትልቅ ሆኗል ማለት ነው። በግማሽ ይቁረጡት። «መመረቂያ ጽሑፌን እጀምራለሁ» የሚል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «የመጀመሪያውን ርዕስ ከፍቼ አምስት መስመር እጽፋለሁ» ይበል።

ሁለተኛ፣ ማረጋገጥን እንደ ሥራ መቁጠር። ወንድም ላይ አሥራ አምስት ጊዜ መደወል፣ እብጠቱን በየሰዓቱ መዳሰስ፣ የፈተና ውጤት ወጥቶ እንደሆነ በየ10 ደቂቃው መክፈት ለጥቂት ደቂቃ ያሳርፋል፣ ከዚያ ጥርጣሬውን አሳድጎ ይመልሰዋል። ደንቡ፦ አንዴ ይደውሉ፣ አንድ መልእክት ይላኩ፣ ቀጣዩን የሚደውሉበትን ሰዓት ጽፈው ይጠብቁ። መዳሰሱንም በቀን አንዴ፣ ከዚያም እስከ ቀጠሮው ጭራሽ ይተዉት።

ሦስተኛ፣ በአራተኛው ቀን ማቋረጥ። በመጀመሪያው ሳምንት ሐሳብ የበዛ ይመስላል፣ ምክንያቱም ገና አሁን ነው የሚቆጠረው። ሁለት ሳምንት ይስጡት።

አራተኛ፣ የ20 ደቂቃውን ገደብ ማለፍ። 20 ደቂቃ ሲያልፍ መፍትሔው ያልቅና ማመንዠኩ ይቀጥላል።

የገንዘብ ጭንቀት በዚህ አካባቢ የራሱ ወቅት አለው። ከቡና ጋር የተያያዘ ኑሮ ያለው ሁሉ ገንዘብ የሚያየው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የለቀማና የሽያጭ ጊዜ ነው፤ ክረምቱ ደረቅ ኪስ ነው፣ መስከረም ደግሞ የትምህርት ቤት ወጪ ይዞ ለቀማው ሳይጀመር ይደርሳል። ነሐሴ ላይ የሚመጣው ጭንቀት ድንገተኛ አይደለም። ታኅሣሥ ላይ እጅ ሞልቶ ሳለ የደብተርና የዩኒፎርሙን ገንዘብ ለብቻው ያስቀምጡ፤ ሌላው ቢቀር ለነሐሴ ዕጣ የሚደርስ ዕቁብ ይግቡ።

ትንፋሽ፦ ለድንገተኛው

ልብ ሲመታ፣ ደረት ሲጨንቅ፣ ሰው ፊት መናገር ሲያቅት የሚረዳው ይህ ነው።

ወንበር ላይ ደገፍ ብለው አንድ እጅ ሆድ ላይ ያድርጉ። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ ቀስ ብለው ያስገቡ፤ ከደረትዎ ይልቅ ሆድዎ ላይ ያለው እጅ ይነሳ። ከንፈርዎን አሹለው እስከ 6 እየቆጠሩ ያስወጡ። አንዱ ዙር 10 ሰከንድ ያህል ነው፣ በደቂቃ ስድስት። ለ5 ደቂቃ ይቀጥሉ። መቁጠር የሚያስጨንቅዎት ከሆነ በዚያው ርዝመት አጭር ጸሎት ወይም ዚክር በቀስታ ማለት ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ራስ ካዞረ ወይም ጣትና ከንፈር ከነዘረ ብዙ አየር እየወሰዱ ነው። ብዙ ሰው «በረጅሙ ተንፍስ» ሲባል ደረቱን ነፍቶ በፍጥነት ይስባል፤ ያን ጊዜ በደም ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወርድና መንዘሩ ይመጣል፣ ድንጋጤውም ይጨምራል። መፍትሔው ትንፋሹን ማሳነስና ማርዘም ነው። ደግሞም በጭንቅ ሰዓት ብቻ አይጀምሩት። ጧትና ማታ ተረጋግተው ሳሉ ለሁለት ሳምንት ይለማመዱት፤ ያልተለመደ ነገር በድንጋጤ ሰዓት አይታወስም።

እግር

በሳምንት 5 ቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል። ልኩ፦ እየተራመዱ ማውራት ይችላሉ፣ መዝፈን ግን አይችሉም። ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ ያለውን ሰማይ አያምኑትም፣ ስለዚህ ጧት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይውጡ። ከባጃጅ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ መውረድም ይቆጠራል።

የልብ ምት የሚያስፈራዎት ሰው ከሆኑ በጅሬን ዳገት አይጀምሩ። ዳገቱ ልብን ያስመታል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ እርስዎም «ሊያመኝ ነው» ብለው ይመለሳሉ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ሜዳ ላይ፣ በአዌቱ ወንዝ በኩል ወይም በሰፈርዎ ይሁን። ከዚያ ሆን ብለው ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚያስወጣውን ዳገት ይያዙ፤ ልብዎ ሲመታ ይቁሙና እስኪበርድ ይጠብቁ። ያው ምት በዳገት መጥቶ በዳገት እንደሚሄድ ሰውነትዎ በተግባር ሲያውቀው፣ ቤት ተቀምጠው ሲመጣ የሚያስደነግጠው ያነሰ ነው። የልብ ሕመም ወይም ከፍተኛ የደም ግፊት ያለበት ሰው ግን ከዳገቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ደረትን ጭምቅ የሚያደርግ፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚዘልቅ ሕመምም ትንፋሽ የሚለማመዱበት አይደለም፤ ወዲያው ሆስፒታል ነው።

ሌሊት

በየቀኑ፣ እሑድን ጨምሮ፣ በአንድ ሰዓት ይነሱ። የሚተኙበትን ሰዓት ከማስተካከል የሚነሱበትን ማስተካከል ይቀላል፣ ውጤቱም ይበልጣል። 20 ደቂቃ ያህል ተኝተው እንቅልፍ ካልመጣ (ሰዓት አይዩ፣ በግምት) ከአልጋ ይውረዱ። ቤቱ አንድ ክፍል ቢሆንም ግድ የለም፤ በርጩማ ስበው ጥግ ላይ በደብዛዛ መብራት ይቀመጡ፣ አሰልቺ ነገር ያንብቡ ወይም ልብስ ያጣጥፉ። ዓይንዎ ሲከብድ ብቻ ይመለሱ። አልጋ ላይ እየተገላበጡ ማሰብ አልጋውን የሐሳብ ቦታ ያደርገዋል። ሌሊት የመጣ ሐሳብም ያው ቀጠሮ ይሰጠዋል፤ ሦስት ቃል ጽፎ ለነገ 11 ተኩል።

ስልኩ ከራስጌ ይነሳ። ዜና በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የለም።

ለማን ይነገር?

የእድር፣ የቡና፣ የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ ባለበት ከተማ ሰው አይጠፋም፤ የሚጠፋው ሳይመክር የሚሰማ ነው። ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት የሚፈልጉትን ይናገሩ፦ «ምክር አልፈልግም፣ አሥር ደቂቃ ስሚኝ ብቻ» ወይም «መላ ቸግሮኛል፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?» ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ወሬ የማያዞር አንድ ሰው ይበቃል።

ሐኪም ቤት መቼ?

ሥራ ወይም ትምህርት መሄድ ካቃተ፣ ድብርቱ ከሁለት ሳምንት በላይ አብዛኛውን ቀን ከቆየ፣ ያለ ምክንያት ከከሱ፣ ላብና መንቀጥቀጥ ካለ ይሂዱ። በተለይ አንገት ላይ እብጠት ካለ ይመርመሩ፤ ከመጠን በላይ የሚሠራ የታይሮይድ ዕጢ ጭንቀትን ቁርጥ አድርጎ ይመስላል፣ ደም ማነስም ልብ ያስመታል። ሁለቱም በደም ምርመራ ይለያሉ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዚያው ቀን፣ ብቻዎን ሳይሆኑ፣ በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ተቋም ነው።

ጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ደብተሩንና የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዘው ይሂዱ። ጫትና አልኮል ስንት እንደሚወስዱ እውነቱን ይናገሩ፤ ሐኪሙ ሊቆጣዎት ሳይሆን የሚያዝልዎትን መድኃኒት ለመምረጥ ነው የሚጠይቀው። ጠበል ወይም ሩቅያ የሚከታተሉ ከሆነም ይንገሩት፣ መድኃኒቱን ግን አያቋርጡ።

ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ዳያዜፓም አይግዙ። በዚያው ሌሊት ያስተኛል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ያለሱ መተኛት ያቅታል፣ ባንድ ጊዜ ሲያቆሙትም ጭንቀቱ በእጥፍ ይመለሳል። ለረጅም ጊዜ ጭንቀት ሐኪም በብዛት የሚያዛቸው ፀረ ድብርት መድኃኒቶች ሱስ የማያስይዙ ሲሆኑ ሥራቸው እስኪታይ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽና መቁነጥነጥ ሊኖር ይችላል፤ ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚያ ላይ ነው። ከማቆምዎ በፊት ያዘዘልዎትን ሐኪም ያነጋግሩ፣ መጠኑን ዝቅ ማድረግ ወይም የሚወሰድበትን ሰዓት መቀየር ብቻውን ይበቃ ይሆናል።